ግድግዳ ስለ መጋራት

(በሊድስ ከተማ አዲስ የመጡትን ተማሪዎች ለመቀበል በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ጸሓፊያችን እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ «የእንግሊዞች የሠፈር ኑሮ» የሚል ነበር። ርእሱ ከእኔ ዐቅም ይሰፋል። በዚህ አገር በአትክልት የተከበበ የባለጸጎች ሠፈርም፣ በየገጠሩ የተበተነ የድንጋይ ቤትም አለ፤ በእነዚያ ስላልኖርሁ የምናገረው የለኝም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ስለ ኖርሁበት፣ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በሚመጣው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ወጥታችሁ ስለምትገቡበት፣ ቤት ከቤት ጋር ተጣብቆ ስለ ተሠራበት የጡብ ሠፈር ብቻ እናገራለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ስለዚህ ሠፈር በመካከላችን ሁለት ዓይነት ወሬ ይነገራል። አንደኛው «እንግሊዝ ጎረቤት አያውቅም፤ ዐሥር ዓመት ግድግዳ ተጋርቶ ሲኖር የጎረቤቱን ስም አይጠይቅም» የሚል ነው። ሁለተኛው ከቴሌቪዥን የተቀዳ ነው፤ ሴቶች በየደጃቸው ቆመው ሲጨዋወቱ፣ ልጆች በመንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ፣ መንገዱ ሁሉ እንደ አንድ ቤተ ሰብ ሆኖ ሲኖር የሚያሳይ። ሁለቱም ከአንዳንድ እውነት የተነሡ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፋሉ፤ ይኸውም በዚያ መንገድ የሚኖሩት ሰዎች እዚያ ስንት ዓመት ኖረዋል? የሚለው ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ይህን ጥያቄ ነው፤ እኛ ተማሪዎችም ከጥያቄው ውጭ አይደለንም።

በመጀመሪያ ቤቱን እንመልከት። በሊድስ «ጀርባ ለጀርባ» የሚባሉ ቤቶች አሉ። ስሙ እንደሚያመለክተው አንዱ ቤት ከኋላው ካለው ቤት ጋር በጀርባው ተጋጥሞ የተሠራ ነው፤ በግራውም በቀኙም ሌላ ቤት ተጣብቆበታል። ከአራቱ ግድግዳ ሦስቱ የጋራ ነው ማለት ነው። በርና መስኮት ያለው በአንድ ፊት ብቻ ሲሆን ጓሮ የሚባል ነገር ከቶ የለውም። ወርዱ አምስት ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ኑሮው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው፤ ከታች ዱሮ የድንጋይ ከሰል ይከማችበት የነበረ ምድር ቤት፣ በላዩ ሳሎንና ወጥ ቤት፣ በዚያ ላይ መኝታ ቤትና መታጠቢያ፣ ከሁሉ በላይ ጣሪያው ያዘነበለበት ጠባብ ክፍል። ለእኔ የደረሰኝ ይህ የመጨረሻው ነበርና ቀጥ ብዬ ለመቆም የምችለው በክፍሉ መካከል ብቻ ነበር።

እነዚህ ቤቶች የተሠሩት ለፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ሊድስ የሱፍና የልብስ ስፌት ከተማ ነበረች፤ ሠራተኛው በእግሩ ወደ ሥራው ለመድረስ እንዲችል ቤቱ ከፋብሪካው መራቅ አልነበረበትም፤ መሬቱን የያዘውም ሰው በአንዲት ቁራሽ ቦታ ላይ ብዙ ቤት ለመደርደር ይፈልግ ነበር። በ1866 ለከተማው የወጣ ሕግ አንዱ ክምር ከስምንት ቤት እንዳይበልጥና ከስምንቱ ቀጥሎ ክፍት ቦታ እንዲተው አዘዘ። በዚያ ክፍት ቦታ ላይ የጋራ መጸዳጃ ቤት ይሠራ ነበር። ዛሬ መጸዳጃው ወደየቤቱ ስለ ገባ ቦታው የቆሻሻ በርሜል መደርደሪያ ሆኖአል። በ1909 ፓርላማው ጀርባ ለጀርባ ቤት ከእንግዲህ እንዳይሠራ በአገሩ ሁሉ ከለከለ። የሊድስ ሰዎች ግን አስቀድሞ የተፈቀደ ፕላን አለን እያሉ እስከ 1937 ድረስ መሥራታቸውን አላቋረጡም። በሌሎች ከተሞች ይህ ዓይነት ቤት ከሞላ ጎደል ፈርሶ አልቋል። በበርሚንግሃም መካከል የተረፈው አንድ ግቢ ከ2004 ጀምሮ እንደ ሙዚየም ይጎበኛል። በሊድስ ግን ከ19 ሺህ በላይ የሚሆኑት እስከ ዛሬ ሰው ይኖርባቸዋል። በርሚንግሃም ሰው ትኬት ቆርጦ የሚያየውን እኛ ኪራይ ከፍለን እናድርበታለን።

የመንገዶቹ አሰያየም ለብቻው ንግግር ይወጣዋል። ሠሪዎቹ አዲስ ስም ማውጣት ሰልችቶአቸው ይመስለኛል፣ አንዱን ስም ይዘው ለስምንትና ለዘጠኝ መንገድ አከፋፍለውታል። በሃይድ ፓርክ ሠፈር ሀሮልድ አቬኑ፣ ሀሮልድ ግሮቭ፣ ሀሮልድ ማውንት፣ ሀሮልድ ፕሌስ፣ ሀሮልድ ሮድ፣ ሀሮልድ ስትሪት፣ ሀሮልድ ቴራስ፣ ሀሮልድ ቪው፣ ሀሮልድ ዎክ የሚባሉ መንገዶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ቤቶቹም አንድ ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት በሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ በሰው በር ቁልፍ ያልሞከረ ተማሪ ቢኖር በጣም ጠንቃቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰዎች ይህን ያህል ተጠጋግተው ሲኖሩ አንዱ በሌላው እንዳይማረር የሚያደርግ ነገር መኖር አለበት። በዚህ አገር ከዚህ ነገር ግማሹ በሕግ የተጻፈ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሳይጻፍ የሚታወቅ ነው።

የተጻፈው ጥንታዊ ነው። ከ1666ቱ የለንደን ቃጠሎ በኋላ በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ በዚያ ከተማ ቤት ሁሉ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ ሲያዝ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ስላለው ግድግዳም ደንብ አብጅቶ ነበር። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት በ1996 የወጣው የጋራ ግድግዳ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የጋራውን ግድግዳ ለመቁረጥ፣ ከፍ ለማድረግ ወይም አፍርሶ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ከሁለት ወር በፊት ለጎረቤቱ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። መደርደሪያ ለመስቀል ግን ምስማር መምታት ይፈቀዳል። ስለ ብርሃንም እንኳ ሕግ አለ። በመስኮትህ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ተቃውሞ ብርሃን የገባልህ እንደ ሆነ ጎረቤትህ እንዲሁ ሕንፃ አቁሞ ሊጋርድብህ አይችልም፤ ይህ ከ1832 ጀምሮ የተጻፈ ነው። የሌሊት ጫጫታን የሚመለከተው የ1996 ሕግ ደግሞ ሌሊት የሚለው ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። ይህን ሰዓት እንድትይዙት አደራ እላለሁ፤ በተለይ ጊታር ይዞ የመጣው ወንድማችን።

ያልተጻፈው ከተጻፈው ይልቅ ይከብዳል። ግድግዳው አንድ የጡብ ርዝመት ያህል፣ ወደ 23 ሴንቲሜትር ነው። በእኔ ክፍል ሆኜ ጎረቤቴ የነበሩት አሮጊት ከእንቅልፋቸው የሚነሡበትን ሰዓት ዐውቅ ነበር፤ ደረጃውን ሲወርዱ አራተኛው ሳንቃ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ሬዲዮው ይከፈታል። እርሳቸውም የእኔን እንደዚሁ ይሰማሉ። በአንድ የጥር ወር ብርድ መትቶኝ ሦስት ሌሊት ሙሉ ሳስል ሰነበትሁ። በአራተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው ሴትዮዋ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። «ልጄ፣ ሳልህ ከደረትህ ነው፤ ማታና ጧት አንድ አንድ ማንኪያ ውሰድ» አሉኝና ወደ ውስጥ እንዲገቡ ብለምናቸው «የለም፣ አላስቸግርህም» ብለው ሄዱ። እስከዚያ ቀን ድረስ በአምስት ወር ውስጥ የተነጋገርነው ስለ ዝናብ ብቻ ነበር።

ይህን ነገር ብዙ አሰብሁበት። በእኛ ወግ ቢሆን ጎረቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ በሽታው ይጠየቃል። ሴትዮዋ ሳሌን ለሦስት ሌሊት ሲሰሙ ቆይተው መድኃኒቱን በደጅ አቀብለው መሄዳቸው በመጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ኋላ ግን እንዲህ ተረዳሁት። በዚህ ተርታ ውስጥ የሚኖር ሰው ሳይወድ በግድ የጎረቤቱን ጠብ፣ ልቅሶ፣ ሳቅና ሳል ይሰማል። ቅርበቱ አስቀድሞ ተርፎአል። ስለዚህ የሰሙትን እንዳልሰሙ መሆን፣ በመስኮት ያዩትን እንዳላዩ ማለፍ፣ ከደጃፍ አለመዝለቅ በመካከላቸው እንደ ውለታ ይቆጠራል። እኛ ብርድ ነው፣ ኩራት ነው የምንለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ሁሉ ጊዜ ይህ ነው አልልም፤ እውነተኛ ኩራትም አላቸው።

በነገራችን ላይ የዮርክሸር ሰው የማያውቀውንም ሰው «ላቭ» ብሎ ይጠራል። ቃሉ ፍቅር ማለት ይሁን እንጂ ትርጓሜው ከእኛ «እንዴት ነህ ወንድሜ» አይበልጥም። የአውቶቡስ ነጂዋ፣ ዳቦ ሻጭዋ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጸሓፊ ሁሉ እንዲህ ትላችኋለች። ይህን ሰምቶ ዳቦ መግዛት ያበዛ ወንድም እንደ ነበረ ሰምቻለሁ።

ርቀቱን የሚሰብሩ ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። አንዱ በፖስታ የሚመጣ ዕቃ ነው። አድራሹ ባለቤቱን ከቤት ባላገኘ ጊዜ ዕቃውን ለጎረቤት ሰጥቶ ወረቀት ጥሎ ይሄዳል። የእኔ ጎረቤት ጡረተኛ ስለ ሆኑና ከቤት ስለማይጠፉ የመንገዱ ሁሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበሩ። የሰውን ስም የሚያውቁት ከጥቅሉ ላይ አንብበው ነው። የእኔንም ሙሉ ስም እስከ አያቴ ድረስ ያወቁት ከቤት በተላከልኝ የበርበሬ ካርቶን ላይ ነው፤ ሽታውም ምን እንደ ሆነ እንድገልጽላቸው አስገደደኝ። ሁለተኛው የቆሻሻ በርሜል ነው። በሊድስ ጥቁሩ ለተራ ቆሻሻ፣ አረንጓዴው እንደገና ለሚሠራበት ወረቀት፣ ላስቲክና ቆርቆሮ ነው። በአረንጓዴው ውስጥ የተቀላቀለ ነገር ከተገኘ ሰብሳቢዎቹ ትተውት ይሄዳሉ። በርሜሉ በተወሰነው ቀን ወደ መንገድ ይወጣል፤ ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ መመለስ አለበት። የጎረቤቱን በርሜል ከራሱ ጋር የሚመልስ ሰው ሰላምታ ሰጠ ማለት ነው። ያልተመለሰ በርሜል ለሦስት ቀን በእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ከታየ ግን በዚያ ቤት የሚኖሩት እነማን እንደ ሆኑ ሁሉም ያውቃል። «ተማሪዎች ናቸው» ይላል።

በሀርሂልስ በኩል የሄዳችሁ እንደ ሆነ ሌላም ነገር ታያላችሁ። ጓሮ ስለሌለ የልብስ ማስጫው ገመድ ከአንዱ ቤት ግንብ ወደ ፊት ለፊቱ ቤት ግንብ በመንገዱ ላይ ተዘርግቶ አንሶላው በአየር ላይ ይውለበለባል። ገመዱን በጎረቤት ግንብ ላይ ለማሰር የጎረቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መኪናም ከሥሩ እንዲያልፍ መስማማት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ስምምነት የተጻፈበት ወረቀት የለም። በዚያው ሠፈር ዛሬ አማርኛና ትግርኛ፣ ኡርዱና ፖሎንኛ በአንድ መንገድ ላይ ይሰማል፤ ገመዱ ግን እንደ ተዘረጋ ነው።

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ «ይህን ያህል የምታመሰግነው ቤት ለምን ይፈርስ ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ቤቱን አላመሰገንሁም። ርጥበት ነበረበት፤ በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሰው ይተኛ ነበር፤ በክረምት ሌሊት ለመጸዳጃ ወደ ውጭ መውጣት ነበረ፤ ከጭስ ማውጫው ሁሉ የሚወጣው የከሰል ጥቀርሻ የታጠበውን ልብስ መልሶ ያጠቁረው ነበር። የአየር ንጽሕና ሕግ የወጣው በ1956፣ ያውም የ1952ቱ የለንደን ጭጋግ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከገደለ በኋላ ነው። ማፍረስ የሚገባውን ያፈረሱ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም።

ነገር ግን ካፈረሱ በኋላ የሆነውን እንመልከት። በዚሁ በሊድስ ኳሪ ሂል በተባለው ቦታ አሮጌ ቤቶች ተነሥተው 938 መኖሪያ ያለው ታላቅ ሕንፃ በ1938 ተከፈተ። ሊፍት ነበረው፣ ቆሻሻ በቧንቧ የሚወርድበት ዘዴ ነበረው፣ ጎብኚ ይመጣለት ነበር። በ1978 ፈረሰ። አርባ ዓመት ብቻ ቆየ፤ ከእርሱ በፊት የተሠሩት የሠራተኛ ጡብ ቤቶች ግን ዛሬም ቆመዋል። በሸፊልድ ከ1957 እስከ 1961 የተሠራው ፓርክ ሂል የተሻለ አሳብ ነበረበት። ዱሮ ጎን ለጎን ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች በአዲሱ ሕንፃም ጎን ለጎን እንዲሆኑ አድርገው፣ በየፎቁ ሰፊ መተላለፊያ ሠርተው፣ የፈረሱትን መንገዶች ስም ለመተላለፊያዎቹ ሰጡአቸው። የሠሩት ሰዎች ነገሩ ከጡብ ይልቅ በሰው ትውውቅ ላይ መሆኑን ገብቶአቸው ነበር ማለት ነው።

ይህን ከሁሉ ይልቅ አጥርተው የጻፉት ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት ናቸው። በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ በምሥራቅ ለንደን የሚገኘውን የቤትናል ግሪንን ሠፈር ኑሮ መርምረዋል። በዚያ ያገባች ሴት ልጅ ከእናትዋ ጥቂት መንገድ ርቃ ትኖራለች፤ በየቀኑም ትገናኛለች። ሰው በገበያ ሲያልፍ የሚያውቀውን ሁሉ እየተቀባበለ ነው። ከዚያ ሠፈር ወደ ከተማው ዳር ወደ አዲስ ቤቶች የተዛወሩት ሰዎች ግን መታጠቢያ ቤትና የአትክልት ቦታ አገኙ፤ ዘመድና ጎረቤት አጡ። ቤቱ ተሻለ፤ በራቸውን ዘግተው ቴሌቪዥን ማየት ግን በዛ። ያንግና ዊልሞት ያገኙት ምክንያት ቀላል ነው። የቤትናል ግሪን ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው ደግ ስለ ሆነ ሳይሆን አብሮት ስላደገ፣ እኅቱ የዚያን ሰው ወንድም ስላገባች፣ ብዙ ዓመት ስለ ኖረ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አሁን ወደ ራሳችን መንገድ እንመለስ። በሃይድ ፓርክና በሄዲንግሊ ቤቶቹን ያፈረሰ የለም። ጡቡ እንደ ቆመ ነው። ሰው ግን ወጥቶአል፤ በእርሱም ፈንታ የገባነው እኛ ነን። የሠፈር ወደ ተማሪ ሠፈርነት መለወጥ በሊቃውንት ዘንድ የራሱ ስም ያገኘው በዳረን ስሚዝ ጥናት በ2002 ሲሆን፣ የተጠናውም ይኸው የእኛው ሄዲንግሊ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቤት ለአንድ ቤተ ሰብ ሲከራይ የሚከፍለው አባትየው ወይም እናትየው ነው። ለተማሪ ሲከራይ ግን ኪራዩ በራስ ቁጥር ይሰላል፤ ሳሎኑ መኝታ ቤት ይሆናል፣ ምድር ቤቱ መኝታ ቤት ይሆናል፤ አራት ወይም አምስት ሰው ይከፍላል። ልጆች ያሉት የአውቶቡስ ነጂ ከዚህ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ከዚህም በላይ ነዋሪዎቹ ሁሉ ተማሪዎች የሆኑበት ቤት የማዘጋጃ ቤቱን የቤት ግብር አይከፍልም። ይህ ለእኛ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ጎረቤታችን ግብሩን እየከፈሉ የእኛን በርሜል እንደሚመልሱ መዘንጋት የለበትም።

ከዚያ የሚከተለው ይታወቃል። ልጅ ከሌለ ትምህርት ቤት አይኖርም። በሃይድ ፓርክ የነበረው የሮያል ፓርክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2004 ተዘጋ። የሠፈሩ ሰዎች ሕንፃው ለሕዝብ አገልግሎት እንዲውል ብዙ ዓመት ደከሙ፤ በ2014 ፈረሰ። ማዘጋጃ ቤቱ በ2012 ባወጣው ደንብ የቤተ ሰብ ቤት ዝምድና ለሌላቸው ለሦስትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ማከራያ ከመሆኑ በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅ አዘዘ፤ ነገር ግን ደንቡ አስቀድሞ የተለወጠውን ቤት ወደ ኋላ አልመለሰም። በእኔ ተርታ ካሉት ስምንት ቤቶች በሁለት ዓመት ውስጥ ነዋሪው ያልተለወጠባቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ጎረቤቴ ስለዚህ ሲያወሩ ተማሪውን አይረግሙም። «ልጆች ናችሁ፤ መልካም ልጆች ናችሁ። ችግሩ ስማችሁን ለምጄ ሳልጨርስ ሐምሌ ይመጣል» ነው ያሉኝ። በ2020 በበሽታው ዘመን፣ ከማርች 26 ጀምሮ ዐሥር ሐሙስ በተከታታይ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት አገሩ ሁሉ በየደጁ ቆሞ ለሐኪሞችና ለአስታማሚዎች ሲያጨበጭብ፣ ፊት ለፊታቸው የሚኖሩትን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በስም እንደ ተዋወቁአቸው ነግረውኛል። በሚመጣው በጋ ሰዎቹ ወጡ።

የጁላይን የመጀመሪያ ቀን ያላየ ሰው ይህን ነገር አይረዳውም። የኪራዩ ውል ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በጁን መጨረሻ ነው፤ አዲሱ የሚጀምረው በማግሥቱ ነው። በዚያ ሳምንት በመንገዱ ሁሉ ፍራሽ፣ የተሰበረ ወንበር፣ ድስት፣ ያልተከፈተ የሩዝ ከረጢት በበርሜሎቹ አጠገብ ይቆለላል። ያ ዱሮ መጸዳጃ የነበረው፣ ኋላም የስምንት ቤት በርሜል መቆሚያ የሆነው ክፍት ቦታ እስከ ወገብ ይሞላል። ዝናብ ይመታዋል፤ አይጥ ይገባበታል። እኛ ያን ጊዜ ወይ አገራችን ነን፣ ወይ በሌላ ቤት ውስጥ ነን። የሚያዩት እርሳቸው ናቸው።

አንዳንድ ወንድሞች «እኛ እንግዶች ነን፤ ነገሩ የአከራዮችና የማዘጋጃ ቤቱ ነው» ይላሉ። ክርክሩ በከፊል ልክ ነው። አከራዩ ቢፈልግ ለቤተ ሰብ ሊያከራይ ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲውም ተማሪውን ሲያበዛ ማደሪያውን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። የራሴ አከራይ ለሻገተ ግድግዳ የሰጠኝ መፍትሔ «መስኮት ክፈት» የሚል ነበር፤ ስለዚህ አከራዮችን ለመከላከል አልቆምሁም። ተከራይ ያለ ምክንያት በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ ይፈቅድ የነበረውን የ1988ቱን ሕግ ክፍል በ2025 የወጣው የተከራዮች ሕግ እንዲሻር መደንገጉም መልካም ነው፤ ሰው እንዲቆይ ከተፈለገ መጀመሪያ የማያባርረው ሕግ ያስፈልገዋልና። ነገር ግን በአንድ መንገድ ውስጥ ሦስት ዓመት የምንኖር ሰዎች በየዓመቱ ቤት ስንለዋውጥ ሦስት ጊዜ እንግዳ የምንሆነው በራሳችን ፈቃድ ነው። ማንም አላስገደደንም። የተሻለ ኩሽና ስላየን ነው።

መንገድን የሚያድን የሚቆይ ሰው መሆኑን ከሊቨርፑል መማር ይቻላል። በግራንቢ በኩል ያሉት አራት መንገዶች ቤቶቻቸው ከሞላ ጎደል ባዶ ሆነው ለመፍረስ ሲጠባበቁ ሳለ፣ አንወጣም ያሉ ጥቂት ነዋሪዎች በባዶዎቹ ቤቶች ደጅ አበባ ተከሉ፣ በመንገዱ ላይ ገበያ አቆሙ። በ2011 የመሬት ማኅበር መሠረቱ። ከእነርሱ ጋር ቤቶቹን ያደሱት አሴምብል የተባሉት ወጣቶች በ2015 ተርነር የሚባለውን ታላቅ የሥነ ጥበብ ሽልማት አገኙ። ሽልማቱ የመጣው ከአበባው በጣም ቆይቶ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ አዲሶቹ ስትሆኑ ከልማዱ በፊት ስለ ደረስኋችሁ ነው። በኖቬምበር ደላሎች «ቤት አለቀ» እያሉ ያስፈራሩአችኋል፤ አትቸኩሉ፤ ለሁለት ዓመት የምትስማሙበትን ቤትና አብሮ ነዋሪ ፈልጉ። በገባችሁበት ቀን በግራ፣ በቀኝና በፊት ለፊት ያሉትን በሮች አንኳኩና ስማችሁንና የስልክ ቁጥራችሁን ስጡ። ካልጋበዙአችሁ አትግቡ፤ ቢጋብዙአችሁ ሻዩን አትመልሱ። የፋሲካንም ሆነ የልደትን ጭፈራ ከማድረጋችሁ በፊት በየፖስታ ሣጥኑ ወረቀት ክተቱ፤ ወረቀቱም ላይ ጭፈራው የሚያልቅበትን ሰዓት ጻፉ፤ በጻፋችሁትም ሰዓት ይለቅ።

ሌላው ጉዳይ የጁን መጨረሻ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አስቀድሞ ለተመዘገበ ሰው ፍራሽና ሶፋ የመሰለውን ትልቅ ዕቃ ከደጅ መጥቶ ይወስዳል፤ መመዝገብ የሚገባው ግን ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን አምስት ሰዎች ሁለት ክፍት ቦታዎችን አጽድተን ነበር፤ አንድ የእጅ ጋሪ ብቻ ስለ ነበረን ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። ዘንድሮ ሁለት ጋሪ ተገኝቶአል። ጓንት እኔ አመጣለሁ። ስም የሚጻፍበት ወረቀት ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስክሪብቶውን መልሱ።